አስታማሚ የለኝም ያሉት ወጌሻ

ማክሰኞ ጠዋት ኦቦ ሮበሌ ቀጄላ ለፍርፍር ማንኪያ ጠየቁ። ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ በአምስት ጣታቸው ሲጎርሱ የኖሩ፣ ማንኪያ ለሾርባና ለበሽተኛ ነው የሚሉ ሰው፣ ፉሪ በሚገኘው የገዛ ልጃቸው ቤት ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳይነቅሉ «እስቲ ማንኪያ ቢጤ ካለ» አሉ። ምራታቸው ሶሬቲ ማንኪያውን አቀበለቻቸው። በግራ እጃቸው ነበር የተቀበሉት። በር ላይ ጫማውን ያስር የነበረው ልጃቸው ለሊሳ ቀና ብሎ አያቸው። ጋቢያቸው በቀኝ በኩል ተጠቅልሎ እስከ ጉልበታቸው ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸው የት እንደገባ አይታወቅም። ለሊሳ አየ፣ ሁለተኛውን ጫማ አሰረ፣ «ደህና ዋል አባባ» ብሎ ወጣ። የአጥንት ሐኪም ነው። አጥንት የሚያይ ሰው ጋቢ አይቶ ዝም ብሎ መሄዱ ሌላ ቤት ቢሆን ጉድ ያሰኝ ነበር። በዚያ ቤት ግን ዝምታ እንደ ጨው የዕለት ነገር ነው። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የእነሱን ቤት አላየም፤ የአባትና የልጁ ዝምታ አራት ዓመት ተከማችቶ ነቀዙ ግድግዳውን ሊበላ ደርሶ ነበር።

እጃቸው የተሰበረው በዋዜማው ዕለት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከፈረስ ሳይወድቁ፣ ከዛፍ ሳይወድቁ፣ በክረምት ጭቃ ከበሬ ጋር ሲታገሉ ሳይወድቁ እዚህ የደረሱ ሰው፣ ልጃቸው ለክብራቸው ብሎ መታጠቢያ ቤት ባስነጠፈው ሴራሚክ ላይ ተንሸራተው ወደቁ። ሳይነሱ ነበር ያወቁት። እዚያው እንደተቀመጡ በግራ አውራ ጣታቸው ዳሰሱ፦ ከአንጓው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ተሰብሯል፣ ወደ ኋላም ሸሽቷል። የሌላ ሰው እጅ ቢሆን ስለ ላም ዋጋ እየጠየቁ፣ ሰውየው መልሱን ሳይጨርስ ስበው ያገቡት ነበር። ለራሳቸው ግን አልሆነላቸውም። ነጠላ አምጥተው ጫፉን ከእጃቸው፣ ጫፉን ከአልጋው እግር አስረው ሳቡ። አልጋው መጣ እንጂ አጥንቱ አልመጣም።

ኦቦ ሮበሌ ወጌሻ ነበሩ። ነገሩ ያለው «ነበሩ» የሚለው ላይ ነው። አርባ ዓመት ሰው አሽተዋል፣ ስበዋል፣ አስረዋል። ከሃና ማርያም ማዶ ሳይቀር በቃሬዛ ይመጣላቸው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት የሰፈሩ ዕድር «ልጃችን ዶክተር ሆኗል፤ ስለ ጤና ይንገረን» ብሎ ለሊሳን ድንኳን ውስጥ አቆመው። ለሊሳ ለንግግር የተፈጠረ ሰው አይደለም። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ፣ «በዚህ ዓመት ብቻ የስድስት ልጆች እጅ ቆርጫለሁ። ስድስቱም ጠብቀው ታስረው፣ ደም አጥተው፣ ጠቁረው የመጡ ናቸው። እባካችሁ ቶሎ አምጧቸው» ብሎ ተቀመጠ። ያን ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ወደ ኦቦ ሮበሌ ዞረ። እሳቸው ቤት ገብተው፣ ለዓመታት አለስልሰው ያኖሯቸውን የቀርከሃ ማሰሪያዎች በሙሉ ምድጃ ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የማንንም እጅ አልያዙም። አንድ ጥያቄ ግን ጉሮሯቸው ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ ከስድስቱ ውስጥ እኔ ያሰርኩት አለ ወይ? መልሱን የሚያውቀው ልጃቸው ነው፤ ልጃቸው ደግሞ ማታ ማታ ከፊታቸው ተቀምጦ እንጀራ ይቆርሳል። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ዝናብ፣ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ውሃ ተራ ተነጋገሩ እንጂ እሷን አላነሷትም። መልሱ «አዎ» ቢሆንስ?

ለሊሳ ከወጣ በኋላ ሶሬቲ የባንክ ቤት ባጇን አንገቷ ላይ እያጠለቀች አጠገባቸው ቆመች። «አባባ፣ እጅዎን ያሳዩኝ አልልም» አለች። «ግን ላፍቶ ያለው የእነ ለሊሳ የአጥንት ክሊኒክ ክፍት ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ለሊሳ ማክሰኞ ማክሰኞ የመንግሥት ሆስፒታል ነው የሚውለው፤ እዚያ ድርሽ አይልም። እኔ እንዳልወስድዎ ኦዲት ገብቶብናል።» አምስት ሺህ ብር ከሳህኑ ሥር አድርጋ፣ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች። ኦቦ ሮበሌ ብሩን ጥቂት አዩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ስንቱን የገሠጹ ሰው ናቸው። ደግሞም ልጃቸው የሚሠራበትን ቤት አንድ ቀን እንኳ አይተውት አያውቁም። እሱ በሌለበት ሄዶ ማየት ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ ብሩን ይዘው ወጡ።

ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «አባት፣ ጠጋ ጠጋ» እያለ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራተኛ ሊጨምር ሲል ጋቢያቸውን አቅፈው «በቀኜ በኩል ማንም አይምጣ» አሉ። ድምፃቸው የድሮው ወጌሻ ድምፅ ስለነበር ረዳቱም ታዘዘ። ድሮ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው ማሳ ላይ አራት ፎቅ ቆሞ «የሚከራይ ሱቅ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከጎናቸው ያለችው ሴት በስልክ ስለ አከራይዋ የጀመረችውን ሐሜት ሳትጨርስ ላፍቶ ደረሱ።

ክሊኒኩ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ደግሞ ተበላሽቷል። እግሩ የተሰበረን ሰው ሦስት ፎቅ በእግሩ የሚያስወጣ ብልህ ማን እንደሆነ እያሰቡ፣ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ካርድ የምታወጣው ተሾመች የምትባል፣ መነጽሯን ጸጉሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። «ስም?» አለቻቸው። ኦቦ ሮበሌ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ የሦስት ሐኪሞች ፎቶ አዩ። መሃል ላይ ከረባት ያነቀው የእሳቸው ልጅ ነው፤ ከሥሩ «ዶክተር ለሊሳ ሮበሌ» ይላል። ለሊሳ በፎቶም ከንፈሩን ገጥሟል። «ደገፋ» አሉ ኦቦ ሮበሌ ባፋቸው የመጣውን፣ «ደገፋ ሞልቱ።» ደገፋ ሞልቱ በአጥር ምክንያት የተጣሉት ጎረቤታቸው ነው። አራት መቶ ብር ለካርድ ከፈሉ። «አስታማሚ?» አለች ተሾመች። «የለኝም» አሉና ወንበር ፍለጋ ሄዱ።

ወንበሩን ያገኙት በወይዘሮ ሸዋረገድ አጠገብ ነው። ወይዘሮ ሸዋረገድ መካኒሳ አቦ ሱቅ ያላቸው፣ ቀኝ እግራቸው እስከ ጉልበት በጀሶ የታሸገ፣ አፋቸው ግን ምንም ያልታሸገ ሴት ናቸው። «አዲስ ነዎት?» ብለው ጀመሩ። «እኔ አራተኛዬ ነው፤ ይጠይቁኝ። ሐኪሞቹ ሦስት ናቸው። ደምሰው ይጮኻል፤ ሲጮህ አይደንግጡ፣ ተፈጥሮው ነው። ሀና አስተማሪ መሆን የነበረባት ልጅ ናት፤ ‹አጥንትዎ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው› እያለች በወረቀት ትስልልዎታለች። ቤቴ የእግሬ ስዕል ሦስት አለኝ፣ አንዱን ልጄ ፍሪጅ ላይ ለጥፋዋለች። ሦስተኛው ለሊሳ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉን ግን ቤቱ ትቶ ነው የሚመጣው።» ኦቦ ሮበሌ «ቤትም የለም» ሊሉ ምላሳቸው ጫፍ ደርሶ መለሱት። «እሱ ዝም ካለ ደህና ነዎት» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ካናገረዎት ነው የሚያስፈራው። ደግሞ ወጌሻ ነካክቶት የመጣውን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል። ‹ማን ነው ያሰረህ?› ይላል። ስም ነው የሚፈልገው! እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለፖሊስ ሊሰጥ ነው የሚሉም አሉ።»

ኦቦ ሮበሌ ጋቢያቸው ውስጥ ላብ አጠመቃቸው። ልጃቸው ስም እየሰበሰበ ነው። የወጌሻ ስም። አራት ዓመት ከፊታቸው ተቀምጦ እንጀራ ሲቆርስ በልቡ መዝገብ ይዟል ማለት ነው፤ የአባቱስ ስም በስንተኛው መስመር ላይ ይሆን? ተነስተው ሊሄዱ አሰቡ። ያቆማቸው በግራቸው የተቀመጠች ልጃገረድ ቁርጭምጭሚት ነው። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ «ተሰብሬያለሁ፣ ሥራ ልባረር ነው» ትላለች። አራት ዓመት የሰው አካል ያልነካ እጅ ነው፤ ግራው ሳያስፈቅዳቸው ሄደ። ጎንበስ ብለው ከጉልጥምቱ በላይና በታች በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረጉና «አልተሰበረም። ጅማት ነው። ሳምንት ታነክሻለሽ፣ ከዚያ ይሻልሻል» አሏት። ልጅቷ ገባች፤ ራጅ ተነስታ ወጣች፤ ከበሩ ሳትርቅ «ጅማት ነው አሉኝ! እኚህ አባት እንዳሉት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ወዲያ ምን ይወራል? አንዱ ክርኑን፣ አንዱ ትከሻውን ይዞ ወደ ኦቦ ሮበሌ መጠጋት ጀመረ። ተሾመች «ደገፋ ሞልቱ!» ብላ ተጣራች። ማንም አልተነሳም። «ደገፋ! ደገፋ ሞልቱ!» ወይዘሮ ሸዋረገድ ተናደዱ፤ «ይሄ ደገፋ የሚሉት ሰውዬ ደንቆሮ ነው እንዴ? ተራ ያስጨርሰናል!» ኦቦ ሮበሌ የአንዱን አውራ ጣት እያገላበጡ «ይሆናል፤ ደገፋ ድሮም አይሰማም» አሉ። ካሉ በኋላ ነው ደገፋ ማን እንደሆነ ትዝ ያላቸው። ተራቸው ግን አልፎ፣ እንደገና አንድ ሰዓት ጠበቁ።

ዶክተር ደምሰው እንደተባለውም ይጮኻል። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «ወይኔ! አባት፣ ከማን ጋር ነው የተደባደቡት? ይህን ይዘው ነው ያደሩት? ጀግና ነዎት ልበል ወይስ ልቆጣ?» ሲል ድምፁ ኮሪደሩ መጨረሻ ደርሶ ተመለሰ። ኦቦ ሮበሌ መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። እሳቸው አፉን እያዩ ሳለ ጣቶቹ ክንዳቸውን ከላይ እስከ ታች ፈትሸው ጨርሰዋል። አፉ ይጮኻል፣ ጣቱ ያንሾካሽካል። ይህ ሰው ሥራ ያውቃል ብለው በልባቸው ፈረሙለት። «ከአንጓው ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ነው» አሉ ሳያስቡት፣ «ወደ ኋላ ሄዷል፤ ትንሽም ወደ አውራ ጣቱ አዘንብሏል።» ደምሰው ራጅ አዘዘ። ዘጠኝ መቶ ብር ተከፍሎ ራጁ ሲመጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየው፤ ከዚያ ሰውየውን አየ፤ ከዚያ ደግሞ ራጁን። «አባት፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» «ገበሬ።» «የምን ገበሬ?» «የጤፍ።» ደምሰው ሳቁን ለቀቀው፤ ሳቁም እንደ ንግግሩ ነው። «በሉ እሺ፣ የጤፉ ገበሬ፤ ሀና ስባ ታስገባልዎታለች፣ እኔ እይዛለሁ። አስታማሚዎ የታለ?» «የለኝም።» «ታዲያ ለማን ላስረዳ?» «ለእኔ» አሉ ኦቦ ሮበሌ። ደምሰው ጥቂት አሰበበት። ሐኪም የሚያስረዳው ኮሪደር ላይ፣ ለአስታማሚ ነው፤ በሽተኛ ስለ ገዛ እጁ የሚሰማው በበር ስንጥቅ ነው። ይህ የአገር ልማድ ነው፤ ኦቦ ሮበሌም በዘመናቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። «ለእርስዎ እንግዲህ ሀና ታስረዳለች» አለና በጩኸት ሸኛቸው።

የሀና ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ለአስታማሚ የሚሆን አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ሀና ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ገና ሳይቀመጡ ወረቀት አውጥታ ሁለት አጥንት ሳለች፤ አንዱን ሰባበረችው፤ በቀስት ወዴት እንደሄደና ወዴት እንደሚመለስ አሳየች፤ በየቀስቱ «ገባዎት?» ትላለች። ኦቦ ሮበሌ አርባ ዓመት በጣታቸው የሚያውቁትን ነገር በወረቀት ላይ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነው። ገባቸው፤ ደስም አላቸው። ከዚያ እጃቸውን ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች። ኦቦ ሮበሌ ክው አሉ። እንደዚያ የሚያደርግ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ያውቁ ነበር፤ እሱም ራሳቸው ናቸው። «ለምን ትጨፍኛለሽ?» አሉ። ሀና ፈገግ አለች። «ዶክተር ለሊሳ ነው ያስተማረን። እዚህ የለም ዛሬ። በዓመት አንድ ረጅም ንግግር ያደርጋል፣ እሷም ይህች ናት፤ ‹ራጁን ከማየታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍኑ። አባቴ በጋቢ ላይ ዳስሶ ስብራት ያገኛል። ማሽን የሌለበት ሆስፒታል ስትመደቡ የሚያድናችሁ የእሱ ጣት ነው› ይለናል። ገባዎት?»

ገባቸው። ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ መጥተው ደረታቸውን ሞሉት፤ የቱን እንደሚያስቀድሙ ጠፋቸው። ልጃቸው በማያውቁት ሰው ፊት አባቴ እያለ ያወራል! ይህን እየተናገረ ደግሞ ስም ይሰበስባል። ምናልባት ስማቸውን አግኝቶት ይሆናል፤ ምናልባት ለዚያ ነው ለእሳቸው የማይናገረው። ሀና የስምምነት ቅጹን ገፋ አደረገችላቸው። «እዚህ ላይ ቤተሰብ ይፈርማል። ማደንዘዣ ወግቼ ብቻዎን አልሰድዎትም። ልጅ የለዎትም አባት?» ኦቦ ሮበሌ ወለሉን አዩ። «የለኝም» አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ያልጮኹ ሰው፣ ይህችን ቃል ሲናገሩ ከእጃቸው ይልቅ ሌላ ቦታ አመማቸው።

በሩ ተንኳኳ። ለሊሳ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሳይሆን የጠዋቱን ሹራብ ያደረገ፣ በአንድ እጁ ውሃ፣ በአንድ እጁ ሁለት ሙዝ ያንጠለጠለ ለሊሳ። ሀና ብድግ አለች። «ዶክተር! ማክሰኞ አይደለም እንዴ? እንኳን መጣህ፣ እስቲ ይህን እጅ—» «አስታማሚ ነኝ» አለ ለሊሳ። «የማን?» «የእሳቸው።» ሀና ካርዱን አየች። «የአቶ ደገፋ?» ለሊሳ አባቱን አየ፤ ከንፈሩ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ደገፋ ጎረቤታችን ነው። ይሄ አባቴ ነው።» ሀና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ኦቦ ሮበሌ ጋቢያቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣቸው ጥሩ ነበር፤ ግን ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለሊሳ የፕላስቲኩን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ ቅጹን ፈረመ፣ ሙዙን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተሾመች ስትሰማ አላመነችም ይባላል። ለሊሳ ጥያቄ መጠየቅ ጀመረ። «መርፌው ያመዋል?» «ስንት ደቂቃ ይቆያል?» «ባይገባስ?» «ጀሶው ስንት ሳምንት ነው?» «ማታ ቢያብጥበት የት ልደውል?» «ምን ይብላ? ቅልጥም ይጠቅማል የሚሉት እውነት ነው?» አስታማሚ ቅልጥም ባነሳ ቁጥር ግድግዳ የሚያይ ሐኪም ነበር። ሀና መጀመሪያ የሚቀልድባት መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ጥያቄውን አንድ በአንድ መለሰች፣ ወረቀትም አውጥታ ሳለችለት። ደምሰው በዚህ መሃል ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። «ለሊሳ ያወራል!» ብሎ ጮኸ። «ተሾመች፣ ነይ ስሚ፣ ለሊሳ እያወራ ነው!» ሀና «አንተው ብታስገባው አይሻልም?» ስትለው ለሊሳ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ይንቀጠቀጣል። «በዚህ?» አለ። ሀና ማደንዘዣውን ወጋች።

ማደንዘዣው እስኪይዝ አሥር ደቂቃ አለ። ሀናና ደምሰው ጀሶ ሊያዘጋጁ ወጡ። አባትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ፤ የቤታቸው ዝምታም ተከትሏቸው መጥቶ መሃላቸው ተቀመጠ። ከውጭ የወይዘሮ ሸዋረገድ ድምፅ ይሰማል። ለሊሳ ሙዝ ልጦ አቀበላቸው። ኦቦ ሮበሌ ተቀበሉ እንጂ አልጎረሱም።

«ስም ትሰበስባለህ አሉ» አሉ በመጨረሻ።

«ማን አለ?»

«እዚያ ውጭ የተቀመጠ ሰው ሁሉ። ለፖሊስ ነው አሉ።»

ለሊሳ ሳቀ፤ ሳቁ አጭር ነው። «ጠዋት ማንኪያ ስትጠይቅ ነው ያወቅኩት» አለ። «ብጠይቅህ ደህና ነኝ ትለኛለህ፣ ከዚያም አጥብቀህ ትደብቀዋለህ። ለሶሬቲ ደውዬ ክሊኒኩ እኔ እንደሌለሁ ንገሪው አልኳት፤ ከሆስፒታሉም አስፈቅጄ መጣሁ። ስሙንም የምጠይቀው ለፖሊስ አይደለም። ያንተን ስም እንዳልሰማ ፈርቼ ነው። በጠየቅኩ ቁጥር ልቤ ትቆማለች፤ ሌላ ስም ሲሉኝ ነው የምተነፍሰው። እንዲህ ስኖር ዓመታት አለፉኝ።»

ኦቦ ሮበሌ ሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እጃቸው ደንዝዟል፤ ሌላው አካላቸው ሁሉ ግን ነቅቷል። «ስድስቱ ልጆች» አሉ። «በድንኳኑ ያልካቸው። ከእነሱ ውስጥ እኔ ያሰርኩት አለ?»

«አምስቱ የሌላ ሰው ስም ነው የጠሩት» አለ ለሊሳ። «አንዷ ግን ያንተን ስም ጠራች።»

«እንዴት?» አሉ ኦቦ ሮበሌ።

«መጀመሪያ አንተ ጋ ነበር ያመጧት። ክርኗ ነበር። አይተህ ‹ይሄ የእኔ አይደለም፣ ሆስፒታል ውሰዷት› ብለሃቸዋል፤ አባቷ ነው የነገረኝ። ከተማው ሩቅ ነው፣ ማን ያውቀናል ብለው ሌላ ሰው ጋ ሄደው አሰሯት። አንድም የቆረጥኩት እጅ አንተ ያሰርከው የለም አባባ። አንድም።»

ኦቦ ሮበሌ በግራ እጃቸው ዓይናቸውን ሸፈኑ። አለቀሱ፤ ማልቀሳቸውንም አልደበቁም። «ለምን አልነገርከኝም?» አሉ። «አልጠየቅከኝማ» አለ ለሊሳ። «በድንኳኑስ ‹አባቴን አይደለም የምለው› ብትል ምን ነበረበት? አንገት ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር እያየህ?» «አላየሁም። ወረቀቴን ነበር የማየው። ቀና ብዬ ባነብ እንደምንተባተብ አውቅ ነበር።» ኦቦ ሮበሌን ሳቅ ጀመራቸው፤ እያለቀሱ ነው የሚስቁት። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል አሉ። የእኛስ አራት ዓመት ነው የቀረው» አሉ።

ሀናና ደምሰው ተመለሱ። ደምሰው ክርኑን ያዘ፣ ሀና መዳፉን፤ ለሊሳ አስታማሚ ነውና የአባቱን ትከሻ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ደምሰው «አባት፣ የጤፍ ኩንታል ስንት ገባ?» ብሎ ጮኸ። ኦቦ ሮበሌ «ያታለልከኝ እንዳይመስልህ» ብለው መልስ ሊሰጡት ሲጀምሩ ሀና ሳበች። ሕመም አልነበረም፤ ግን ገባቸው። «ገባ!» አሉ፣ ከሁሉም ቀድመው። ሀና «ራጅ ሳናይ አይባልም» አለች፤ ራጁ ሲመጣ ግን ሦስት ሐኪሞች አንገታቸውን አስግገው አይተው፣ የሚጨምሩት አጥተው ቀሩ።

ከቀትር በኋላ በለሊሳ አሮጌ ቪትዝ ወደ ፉሪ ሲመለሱ መንገዱ ተዘግቶ ቆሙ። ኦቦ ሮበሌ ጀሶውን ጋቢያቸው ላይ አጋድመው፣ ከመስታወቱ ውጭ እያዩ ብዙ ቆዩ። ደስታቸው አልጠፋም፤ ሥሩ ላይ ግን አንድ ነገር ይቆረቁራቸው ጀምሯል። ያቺን ልጅ አስታወሷት። ምሳ እየበሉ ነበር ያመጧት። ክርን ላይ ያለ ስብራት እንደማይነካ፣ በዚያ የሚያልፈው የደም ሥር ከታነቀ እጁ እንደሚሞት ከአባታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ይህን ግን አልተናገሩም። በር ላይ ቆመው አምስት ቃል ብቻ ተናግረው ወደ ምሳቸው ተመለሱ። አባቷን አስገብተው፣ አስቀምጠው፣ ሀና እንዳደረገችው በመሬት ላይ እንኳ ስለው ቢያስረዱት ኖሮ ሰውየው ይሰማቸው ነበር።

«የልጅቷ ስም ማን ነው?» አሉ።

«ቀመሪያ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በግራ እጇ ነው የምትጽፈው፤ ጽሕፈቷ ከእኔ ይሻላል።»

«እሁድ ዕድር አለ አይደል?»

«አለ።»

«እኔ እናገራለሁ።»

ለሊሳ ዞር ብሎ ሲያያቸው ከፊቱ ያለውን ሚኒባስ ሊነካው ትንሽ ቀርቶት ፍሬን ያዘ። «ምን ትላለህ?» አለ።

«ብዙ ነው የምለው» አሉ ኦቦ ሮበሌ። «ወረቀት አልይዝም፣ ሰው ሰው ነው የማየው። የቱ ስብራት የወጌሻ እንደሆነ፣ የቱ እንዳልሆነ እነግራቸዋለሁ። ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ፣ ልጁ ማልቀሱን ካቆመ እዚያው ፍቱት እላቸዋለሁ። ስለ ቀመሪያም እነግራቸዋለሁ፤ ምሳ እየበላሁ እንደነበርም አልደብቅም። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ‹ሩቅ ነው፣ እዚያ ማን ያውቀናል› ይላል፤ የሚል አይጠፋም። ሩቅ አይደለም እለዋለሁ። ዛሬ ሄጄ አይቼዋለሁ።»